የእስትንፋስ ምርመራ በጉለሌ ከፍታ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጣ መንገደኛ፣ አየሩ እየሳሳ መሄዱን ከማናቸውም መሣሪያ በፊት የገዛ ትንፋሹ ይነግረዋል። አብዛኛው የጉለሌ መንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማና ከዚያም ከፍ ባለ ስፍራ ላይ የተሠራ ነው፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ይህ «ሦስት አራተኛ» የተባለ መጠን በዚህ ንግግር ውስጥ እየተመላለሰ ስለሚመጣ ከወዲሁ በአእምሮ ቢያዝ መልካም ነው።

የንግግሩ ርእስ ሰው ወደ ውጭ የሚያወጣውን እስትንፋስ በመመርመር የመተንፈሻ ቧንቧን ብግነት ማወቅ የሚቻልበት ዘዴ ነው። ብግነት ማለት አንድ የአካል ክፍል ተቆጥቶ ሲያብጥ፣ ሲቀላና ፈሳሽ ሲያመነጭ የሚታየው ሁኔታ ነው። በቆዳ ላይ ሲሆን ዓይን ያየዋል፣ እጅ ይዳስሰዋል። በሳንባ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ቧንቧዎች ላይ ሲሆን ግን የተሸሸገ ነው። ሐኪሙ በማዳመጫው የሚሰማው ሲርታም ሆነ፣ ስፓይሮሜትር በሚባለው መሣሪያ የሚለካው የአየር ፍሰት መቀነስ የቧንቧውን መጥበብ ይናገራሉ እንጂ የጠበበበትን ምክንያት አይናገሩም። አንድ ቱቦ መጥበቡን ማወቅ ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ በዝገት ይሁን፣ በደለል ይሁን፣ ወይስ ከውጭ ተጨፍልቆ፣ ይህን ማወቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በውሃ ሥራ ላይ የተሰማራችሁ መሐንዲሶች ይህንን ልዩነት ማንም ሳያስረዳችሁ ታውቁታላችሁ።

ነገሩ በጉለሌ የሚያሳስብበትን ምክንያት ለመረዳት አንዲት እንጀራ ጋጋሪ ለምሳሌ ትወሰድ። ዕድሜዋ አርባን ያለፈ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በጭራሮ ስትጋግር የኖረች ናት። ሳል ከያዛት ወራት አልፈዋል፤ ሌሊት ሌሊት ደረቷን ያፍናታል። በመጀመሪያ ጎረቤት «ብርድ ነው» ይላታል፤ ዝንጅብል ይፈላላታል። ሳሉ ሁለት ሳምንት ሲያልፈው ጤና ጣቢያው የሚጠረጥረው የሳንባ ነቀርሳን ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። አክታዋ ተመርምሮ ነጻ ስትባል የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይታዘዝላታል። ሳይሻላት ሲቀር «አስም ሳይሆን አይቀርም» ተብላ የሳልቡታሞል እንክብል ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሳልቡታሞል የተኮማተረውን የቧንቧ ጡንቻ ለጥቂት ሰዓት ያላላል፤ ከሥር ያለውን ብግነት ግን አይነካውም። ጂና በሚል አኅጽሮት የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 አስምን በዚህ ዓይነት አፋጣኝ ማስታገሻ ብቻ ማከም ቀርቶ፣ በአፍ የሚሳብ ስቴሮይድ አብሮ እንዲሰጥ ያሳሰበውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ይህች ሴት ከሁለት አንዷ ልትሆን ትችላለች። ምናልባት እውነተኛ አስም ይኖርባታል፤ ይህ ከሆነ በቧንቧዎቿ ግድግዳ ላይ ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ተከማችተዋል ማለት ነው፣ የሚሳበው ስቴሮይድም በሳምንታት ውስጥ ሕይወቷን ይለውጠዋል። ወይም የሠላሳ ዓመት ጭስ ቧንቧዎቿን አጥብቦና አቁስሎ የተወው ሕመም ይኖርባታል፤ በዚህኛው የሚበዙት ኒውትሮፊል የተባሉት ሌሎች ሕዋሳት ሲሆኑ፣ ስቴሮይድ ለእነርሱ የሚያደርገው ጥቂት ነው። ሁለቱ ሴቶች በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ በመልክ አይለዩም፤ በሳላቸውም አይለዩም። የእስትንፋስ ምርመራ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው።

ሰው የሚተነፍሰው አየር የውስጡን ነገር ይዞ እንደሚወጣ ከጥንት የታወቀ ነው። የስኳር በሽታ የጠናበት ሰው ትንፋሹ የተለየ ሽታ እንደሚኖረው ሐኪሞች ያውቃሉ፤ ሽታው የአሴቶን ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሊነስ ፖሊንግና የሥራ ባልደረቦቹ እስትንፋስን በብርድ አጥምደው ሲተነትኑት 250 ያህል የተለያዩ ንጥረ ነገሮች አገኙበት። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እጅግ ጨምሯል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁሉ መካከል ለመተንፈሻ ቧንቧ ብግነት በየሆስፒታሉ ሊለካ የበቃው በተለይ አንዱ ነው፤ እርሱም ናይትሪክ ኦክሳይድ፣ ማለትም አንድ የናይትሮጅንና አንድ የኦክሲጅን አቶም የተጣመሩበት ጋዝ ነው።

ይህ ጋዝ ለረጅም ዘመን የሚታወቀው በመጥፎ ስሙ ነበር፤ ከመኪና ጭስ ማውጫ የሚወጣ የከተማ አየር በካይ ተብሎ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የደም ሥሮች ራሳቸው ይህንኑ ጋዝ እየሠሩ እንደሚላሉበት ሲታወቅ የሳይንቲስቱ ዓለም ተደነቀ። ሳይንስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1992 «የዓመቱ ሞለኪውል» ብሎ ሰየመው፤ በ1998ም ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ በዚሁ ጥናት የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በዚህ መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ የስዊድን ተመራማሪዎች ጋዙን ጤነኛ ሰውና እንስሳት በሚያወጡት እስትንፋስ ውስጥ አገኙት። በ1993 ደግሞ አስም ባለባቸው ሰዎች እስትንፋስ ውስጥ ከጤነኞች ይልቅ በዝቶ መገኘቱ ታተመ።

የመብዛቱ ምክንያት ይህ ነው። በአስም የተቆጣ የቧንቧ ግድግዳ ኢንተርሊዩኪን 4 እና ኢንተርሊዩኪን 13 በሚባሉ የሕዋሳት መልእክተኞች ይጥለቀለቃል። መልእክተኞቹ የግድግዳውን ሽፋን ሕዋሳት አንድ ኢንዛይም በብዛት እንዲሠሩ ያዟቸዋል፤ ኢንዛይሙም አርጂኒን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያመነጫል። ጋዙ በቧንቧው ውስጥ ለሚያልፈው አየር ይሰጥና አብሮ ይወጣል። እነዚሁ መልእክተኞች ኢዮሲኖፊሎችን ከሚጠራው የብግነት ዓይነት ጋር የተቆራኙ ስለሆኑ፣ የጋዙ መብዛት የዚያን ብግነት መኖር ይጠቁማል። የሚሳብ ስቴሮይድ ሲወሰድ መልእክቱ ይቋረጣል፤ የጋዙም መጠን በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። ስለሆነም ምርመራው በሽተኛው መድኃኒቱን በእርግጥ እየሳበ መሆኑን ለማወቅም ይረዳል። (ማኅተሙ ያልተፈታ የመድኃኒት ዕቃ ከመደርደሪያ ላይ የሚገኝበት ቤት ጥቂት አይደለም።)

የሚለካው መጠን ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ለመሐንዲስ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በአዋቂ ሰው እስትንፋስ ውስጥ ከአንድ ቢሊዮን ክፍል ከ25 በታች ከተገኘ የኢዮሲኖፊል ብግነት አይመስልም፤ ከ50 በላይ ከተገኘ ግን ብግነቱ እንዳለና በሽተኛው በስቴሮይድ ሊሻለው እንደሚችል ይገመታል። ለልጆች ወሰኖቹ 20ና 35 ናቸው። በመካከል ያለው ከሌላው የሕመም ሁኔታ ጋር ተመዛዝኖ የሚፈረድ ነው። አንድ ቢሊዮን ሰከንድ ከሠላሳ አንድ ዓመት ተኩል ይበልጣል፤ መሣሪያው የሚፈለግበት ሥራ ከዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥ ሃያ አምስቷን ሰከንድ ለይቶ እንደማውጣት ነው።

ይህ የሚደረግበት የመጀመሪያው ዘዴ በብርሃን ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ ከኦዞን ጋር ሲገናኝ የተነቃቃ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል፤ እርሱም ወደ ዕረፍቱ ሲመለስ ደካማ ቀይ ብርሃን ይረጫል። ብርሃኑን ብርሃን አብዢ በሆነ ቱቦ ቆጥሮ የጋዙን መጠን ማወቅ ይቻላል። መሣሪያው ኦዞን አመንጪ፣ የአየር መምጠጫ ፓምፕና የብርሃን ቆጣሪ ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል፤ ዘዴው ቀድሞም የመኪና ጭስና የከተማ አየር ይለካበት የነበረ ነው። በጥራት የሚወዳደረው የለም፤ ግን ግዙፍ፣ ውድና የማያቋርጥ መብራት የሚሻ ነው። ሁለተኛው ዘዴ የኤሌክትሮኬሚካል ሕዋስ ነው። ጋዙ በቀጭን መግቢያ በኩል ወደ ኤሌክትሮዱ ደርሶ ኦክሲጅን ሲጨምር በጣም ጥቂት የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጥራል፤ ፍሰቱ ተለክቶ ወደ ቁጥር ይለወጣል። በእጅ የሚያዙት መሣሪያዎች የሚሠሩት በዚህ ነው። ሕዋሱ ዕድሜው የተወሰነ ስለሆነ ጊዜው ሲያልፍ ይለወጣል፤ ይህም መለዋወጫ ከውጭ ማስመጣት ማለት ስለሆነ የሚያስከትለውን ደብዳቤና ደጅ ጥናት አድማጮች ራሳቸው ያውቁታል።

አተነፋፈሱ ራሱ ሥርዓት አለው። የአሜሪካና የአውሮፓ የደረት ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2005 በጋራ እንደወሰኑት፣ ተመርማሪው ከጋዙ የተጣራ አየር እስከ መጨረሻው ከሳበ በኋላ በሰከንድ 50 ሚሊ ሊትር በሆነ የማይዛነፍ ፍሰት ይተነፍሳል፤ ለአሥር ሰከንድ ያህል ከተነፈሰ በጠቅላላው ግማሽ ሊትር ይሆናል። የሚሳበው አየር የሚጣራው የመንገዱ ጭስ ራሱ ናይትሪክ ኦክሳይድ ስላለበት ነው። ሲተነፍስ ደግሞ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር የውሃ ከፍታ ያህል ግፊት እንዲገጥመው ይደረጋል። ይህ ግፊት ለስላሳውን ላንቃ ወደ ላይ ገፍቶ የአፍንጫውን መንገድ ይዘጋዋል፤ ይህ ባይሆን በአፍንጫ ዙሪያ ባሉት ጎድጓዳ አጥንቶች ውስጥ በብዛት የሚሠራው ጋዝ ከሳንባው ጋር ተቀላቅሎ ምርመራውን ያበላሸዋል። ዋሽንት የሚነፋ እረኛ ይህንን አተነፋፈስ ያለ አስተማሪ ይችለዋል፤ ለሌላው ሰው ግን በመሣሪያው ላይ ያለውን ምልክት እያየ ጥቂት መለማመድ ያስፈልገዋል።

ፍሰቱ እንዲህ የተጠበቀበት ምክንያት ቀላል ነው። ግድግዳው ጋዙን የሚሰጠው በተወሰነ ፍጥነት ነው። አየሩ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ብዙ ይጭናል፤ ፈጥኖ ሲያልፍ ጥቂት ይጭናል። በሰከንድ 50 ሚሊ ሊትር የተለካን ቁጥር በ100 ከተለካ ጋር ማነጻጸር አይቻልም። መመሪያው የሚፈቅደው መዛነፍ ከላይም ከታችም አሥር በመቶ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጉለሌ እንመለስ። በዓለም ገበያ በስፋት ከሚሸጡት ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች የአንዱ መመሪያ፣ መሣሪያው የሚሠራው የአየር ግፊት ከ780 እስከ 1,100 ሄክቶፓስካል በሆነበት ስፍራ ነው ይላል። የጉለሌ ግፊት ወደ 750 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው። ይህ ማለት መሣሪያው ተገዝቶ፣ ታሽጎ መጥቶ፣ ከሣጥኑ ወጥቶ በቅዱስ ጳውሎስ ወይም በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ፣ ሠሪው ኃላፊነት ከሚወስድበት ወሰን ውጭ ሆኖ ነው የሚሠራው። መብራቱ ይበራል፤ ቁጥሩም ይወጣል። ቁጥሩ ትክክል ስለመሆኑ ግን ማንም ዋስ አልሆነም። ወሰኑን የጻፈው ሰው የበደለው ነገር የለም፤ ሕዝብ የሚኖርበት አገር ይህን ያህል ከፍ ይላል ብሎ አላሰበም እንጂ።

ስሕተቱ ከየት ሊመጣ እንደሚችል በሁለት በኩል ሊታይ ይችላል። የመጀመሪያው ፍሰቱ ነው። ፍሰቱን የሚወስነው በቀጭን ቀዳዳ የተሠራ ማገጃ ከሆነ፣ ለአንድ ዓይነት ግፊት የሚያልፈው አየር በእፍጋቱ ካሬ ሥር ይለወጣል። የአየሩ እፍጋት ሦስት አራተኛ ሲሆን ፍሰቱ በአሥራ አምስት በመቶ ያድጋል፤ 50 የነበረው ወደ 58 ይጠጋል። ይህ ከተፈቀደው መዛነፍ ይወጣል፤ የሚነበበውንም የጋዝ መጠን አሥር በመቶ ያህል ዝቅ ያደርገዋል። በሌላ በኩል ማገጃው ረጅምና ቀጭን ቱቦ ሆኖ አየሩ በዝግታ የሚፈስበት ከሆነ፣ የአየር ዝልግልግነት በግፊት ስለማይለወጥ ስሕተቱ የለም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የሕዋሱ መግቢያ ነው። ጋዙ ወደ ኤሌክትሮዱ የሚደርሰው በስስ ሽፋን ውስጥ ሰርጎ ከሆነ፣ ሕዋሱ የሚሰማው የጋዙን ከፊል ግፊት ነው። ያ ከፊል ግፊት ደግሞ በጉለሌ ሦስት አራተኛ ነው። እውነተኛ መጠኑ ከቢሊዮን 30 የሆነ በሽተኛ፣ መሣሪያው ግፊትን ለክቶ ካላስተካከለ፣ 22 ተብሎ ይነበባል። የፍሰቱ ስሕተት ሲጨመርበት ወደ 20 ይወርዳል። ከወሰኑ በላይ የነበረው ሰው ከወሰኑ በታች ሆነ፤ «ብግነት የለብህም» ተባለ፤ የሚያድነውን መድኃኒት ተከለከለ። መግቢያው ግን ጋዙ በአየር ውስጥ የሚሰራጭበት ጠባብ ቀዳዳ ከሆነ፣ ግፊቱ ሲቀንስ ስርጭቱ በዚያው መጠን ስለሚፈጥን ሁለቱ ይጣፋሉ፣ ቁጥሩም ሳይለወጥ ይቀራል። እንግዲህ ሠሪው የትኛውን እንደመረጠ የሽያጭ ወረቀቱ አይናገርም። መጠየቅ፣ አለዚያም መለካት ነው።

በዚህ ላይ የሰውነት ጉዳይ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኔቸር በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በ4,200 ሜትር የሚኖሩ ቲቤታውያንና በ3,900 ሜትር የሚኖሩ የቦሊቪያ አይማራዎች በቆላ ከሚኖሩ ሰዎች ይልቅ ብዙ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንደሚያወጡ አሳይቷል። ይኸው የተመራማሪዎች ወገን በ2002 ባሳተመው ሌላ ጥናት በ3,530 ሜትር የሚኖሩ 236 የሰሜን ደገኞችን መርምሮ፣ የደማቸው ሄሞግሎቢንም ሆነ በደማቸው ያለው ኦክሲጅን በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አገኘ፤ የኦክሲጅን ሙሌታቸው በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። የኢትዮጵያ ደገኛ ከፍታን የተቋቋመው ቲቤታዊውም አይማራውም ባልሄዱበት መንገድ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የሌላውን ደገኛ ቁጥር ወስዶ ለጉለሌ ነዋሪ መስጠት አይቻልም። መሣሪያው ቁጥሩን ዝቅ ሲያደርግ ከፍታው ደግሞ ከፍ ያደርገውና ይካካሳሉ ብሎ መጽናናት ለድልድይ ሥራ የማይፈቀድ ስሌት ነው፤ ለሳንባም ሊፈቀድ አይገባውም።

ሌሎች አሳሳቾችም አሉ። ሲጋራ ማጨስ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። ናይትሬት የበዛበት ምግብ ከፍ ያደርገዋል፤ ከእነዚህም ቅጠላ ቅጠልና ቀይ ሥር ዋነኞቹ ናቸው። በዐቢይ ጾም ሰሞን ጎመንና ቀይ ሥር ያለበት በያይነቱ ተመግቦ ከሰዓት በኋላ ለምርመራ የሚቀርብ ሰው አስም ሳይኖርበት አስመኛ ሊመስል ይችላል። የውጭው መመሪያ ከምርመራው በፊት ለአንድ ሰዓት እንዳይበላና እንዳይጠጣ ያዛል፤ በዚህ አገር ግን «ምን በላህ?» የሚለው ጥያቄ በቅጹ ላይ ቢጨመር ይሻላል። ወስፋትም አለ። የወስፋት እጭ በሳንባ በኩል ሲያልፍ ኢዮሲኖፊሎችን ይቀሰቅሳል። ነገሩ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ አይደለም፤ በጅማ አካባቢ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ላንሴት ላይ የታተመ ሥራ መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው የሚያፏጨው በአንጻሩ ጥቂት መሆኑን አግኝቷል። 25ና 50 የተባሉት ወሰኖች የተቆረጡት በአብዛኛው ትል በሌለበት አገር በተሰበሰበ ቁጥር ነው።

ጅማ ከተነሣ ዘንድ፣ አስምን በሚመለከት በአገራችን የተደረገው ታላቅ ጥናት የተካሄደው በዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ይህ ጥናት አስም በጅማ ከተማ ነዋሪዎች ዘንድ 3.6 በመቶ፣ በገጠሩ ደግሞ 1.3 በመቶ መሆኑን አሳየ። ከተሜነት ራሱ ሳንባን የሚያስቆጣ ነገር ይዞ መጥቷል ማለት ነው። ከዚያ በተከታተሉት ሥራዎች በቤት ውስጥ የነጭ ጋዝ ምድጃ መጠቀም ከአለርጂ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ነጭ ጋዝ ለብዙ ዘመን የአዲስ አበባ ድኻ ምድጃ እንደነበረ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ወሬ አይደለም።

የሽሮ ሜዳን ሸማኔዎች በተመለከተ ግን ምርመራው ያለ አግባብ ተስፋ እንዳይጣልበት ያስፈልጋል። በአንድ የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት፣ ጥጥ በሚነፋበትና በሚበጠርበት ክፍል ከሚሠሩት ከሦስት አንዱ በላይ የሚሆኑት ቢሲኖሲስ በተባለው የጥጥ ብናኝ በሽታ መያዛቸውን ገልጿል። የእጅ ሸማኔ ቤት ፋብሪካ አይደለም፤ ይሁንና ድሩና ማጉ፣ መኝታውና ማዕድ ቤቱ በአንድ ጠባብ ክፍል የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የጥጥ ብናኝ የሚያስነሣው ብግነት በአብዛኛው የኒውትሮፊል ስለሆነ ናይትሪክ ኦክሳይድን እምብዛም አይጨምርም። የምድጃው ጭስም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሸማኔው ወይም ጋጋሪዋ ዝቅተኛ ቁጥር ቢያሳዩ «ጤነኛ ናችሁ» ማለት አይደለም፤ «ሕመማችሁ በስቴሮይድ የሚድን ዓይነት አይመስልም» ማለት ነው። ለእነርሱ የሚሻለው መድኃኒት ከፋርማሲ አይመጣም፤ ጭሱን በጭስ ማውጫ የሚያስወጣ ማዕድ ቤት፣ ምርጥ በመባል የታወቀው የእንጀራ ምድጃ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ለሸማኔውም በተቃራኒ ግድግዳዎች የተከፈቱ ሁለት መስኮቶች ናቸው። ይህ ደግሞ ለሐኪም ሳይሆን ለዚህ ማኅበር አባላት የተተወ ሥራ ነው።

የምርመራ ቅደም ተከተልም በጉለሌ የተለየ ክብደት አለው። የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የነቀርሳ ሆስፒታል የነበረ ሲሆን፣ መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ በአገራችን መታከም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 በዚሁ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚያስል ሰው በመሣሪያ ውስጥ እንዲተነፍስ ከማድረግ በፊት ከነቀርሳ ነጻ መሆኑ በአክታ መታወቅ አለበት። አፍ የሚደረግበት ማጣሪያ ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ ነው፤ ተቀቅሎ ወይም ተጠርጎ ለሌላ አይሰጥም። ማጣሪያው ያለቀበት መሣሪያ በመጋዘን ቢቀመጥ ይሻላል።

የጤና ጣቢያዎችን ነገር በሚመለከት የሚሰጠው አስተያየት ግልጽ ነው። ለእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ይህን መሣሪያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ይሆናል። በቅድሚያ የሚሳብ ስቴሮይድ ሳይቋረጥ እንዲገኝ፣ ከዚያም የትንፋሽ ኃይል የሚለካበት ርካሹ የፕላስቲክ ቱቦ በየክፍሉ እንዲኖር ያስፈልጋል፤ ስፓይሮሜትርም ለሆስፒታሎች። የናይትሪክ ኦክሳይድ መለኪያ ተገቢ ቦታው የሳንባ ሐኪም ያለበት ከፍተኛ ሆስፒታል ነው። የሳንባ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን በጥቁር አንበሳ እ.ኤ.አ. በ2013 ተጀምሯል፤ ስለዚህ ቁጥሩን አንብቦ የሚፈርድ ሰው ከቀድሞው ይልቅ ይገኛል። የውጭው አየር በጉለሌ ሳይለካ አልቀረም፤ እንጦጦ መንገድ ላይ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ የተተከለ የብናኝ መለኪያ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ውጤቱን ለሕዝብ ያሳውቅ ነበር፤ ይህ አገልግሎት በ2025 ቆመ። የነዋሪው ውስጥ ግን በዚያ ዓይነት ትጋት አልተለካም።

የሚቀረው የመሣሪያውን እውነት በዚሁ ከፍታ መፈተን ነው፤ ይህም ከማኅበሩ አባላት አቅም በላይ አይደለም። በናይትሮጅን ውስጥ የተመጠነ ናይትሪክ ኦክሳይድ የያዘ አንድ ሲሊንደር፣ የምስክር ወረቀቱ ጊዜ ያላለፈበት፣ ያስፈልጋል። የሲሊንደሩ መቆጣጠሪያ ከናስ ሳይሆን ከማይዝግ ብረት የተሠራ መሆን አለበት፤ ከመከፈቱም በፊት በውስጡ የቀረው አየር ተጠርጎ መውጣት ይኖርበታል፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ኦክሲጅን ሲያገኝ ወደ ሌላ ጋዝ ይለወጣልና። ጋዙ ከጠራ አየር ጋር ተቀላቅሎ ከቢሊዮን 25፣ 50ና 100 ወደሚሆን መጠን ይወርዳል፤ ቅልቅሉም መለኪያው አጠገብ፣ ሳይቆይ ይደረጋል። ፍሰቱ መሣሪያው በሚነግረን ሳይሆን ራሱን በቻለ የሳሙና አረፋ መለኪያ ይረጋገጣል፤ ይህ መለኪያ የመስታወት ቱቦና የእጅ ሰዓት ብቻ የሚፈልግ ስለሆነ በማንኛውም የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ይሠራል። በዚያው ጠረጴዛ ላይ ባሮሜትር ይቀመጣል።

ሙከራው መጀመሪያ በአዳማ ይደረጋል። አዳማ በ1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ግፊቷ ከ780 ሄክቶፓስካል በላይ ነው፤ መሣሪያው በሠሪው ወሰን ውስጥ ሆኖ ይሠራል። ከዚያ ያው መሣሪያ፣ ያው ሲሊንደር፣ ያው ሠራተኛ በአንድ መኪና ተጭነው በማግሥቱ ጉለሌ ይወጣሉ፤ ቢቻል የቀድሞው ፓስተር፣ የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ። ሙከራው ይደገማል። በሦስተኛው ቀን እንጦጦ አናት ላይ ይደገማል። ሦስቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ መሣሪያው ግፊቱን ያውቃል ማለት ነው። ከግፊቱ ጋር አብረው ከወረዱ፣ የመውረዳቸው መጠን ማስተካከያ ቁጥሩን ራሱ ይሰጣል፤ ያም ቁጥር በወረቀት ተጽፎ፣ የሙከራው ቀንና የባሮሜትሩ ንባብ ተጨምሮበት፣ በመሣሪያው ጎን ላይ ይለጠፋል። አዲስ ሕዋስ በተገጠመ ቁጥር ወረቀቱ ተነሥቶ ሙከራው እንደገና ይደረጋል።